የእትዬ ከፍያለች ጋቢ

ፀጋአብ አባሲያ ሰፈር ካለው ክሊኒክ ተመልሶ፣ ግራ እንደገባው በሩ ላይ ቆመ። ሳንባውን ከታመመ ሦስት ወሩ ነው፤ ሳሉ ግን አልለቅ አለው። ሐኪሙ የደም ምርመራውን አይቶ፣ «ቫይታሚን ዲ በጣም አንሶሃል፤ ፀሐይ አትሞቅም እንዴ?» ብሎታል። ካይሮ እየኖረ ፀሐይ እንዴት ይቸግረዋል?

ያስጠጉት እትዬ ከፍያለች ወንበር ላይ ወጥተው፣ መስኮቱን የጋረዱበትን ጋቢ ጫፉን በምስማር ያጠብቁ ነበር። ምች እንዳይመታው ብለው፣ ከታመመ ጀምሮ ብርሃን ወደ ክፍሉ አስገብተው አያውቁም። ያላቸው ጋቢ እሱ ብቻ ነው፤ ራሳቸው በነጠላ ተጠቅልለው ነበር የሚያድሩት።

«ምን አለህ ልጄ?» አሉት።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ይሻልሃል አለኝ። እትዬ፣ ብርዱ ገብቷል፤ ጋቢዎን አውርደው ይልበሱት።»