አምስተኛው ቅጂ

ቅድድ ይላል። ዝም። ደግሞ ቅድድ።

ጓሮ ቧንቧው ሥር ከጣቶቼ ላይ ኮላ እያጠብኩ ነው። መጀመሪያ ጨርቅ መሰለኝ። ሦስተኛው ላይ ግን አወቅኩት፤ ያን ወፍራም ወረቀት ስድስት ወር ሙሉ ሳጥፈው ከርሜአለሁ፣ ድምፁ አይጠፋኝም።

ሮጬ ስገባ ታላቅ ወንድሜ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀምጧል። ኮላው እስኪይዝ ብሎኬት የጫንኩባቸውን መጽሐፎች አውጥቶ ከእያንዳንዱ አንድ ገጽ ይገነጥላል። ጎሚስታ ነው። ጎማ ከቸርኬ የሚያላቅቅ እጅ ለወረቀት አይሳሳም።

"ና ግባ፣ ፈላስፋው" ይላል ቀና ሳይል። "ሁለት ነው የቀረኝ።"

አምስቱንም በእጄ ነው የሰፋኋቸው። በራስ ወጪ የተሠራ የፎቶ መጽሐፍ የሚሸልሙ ሰዎች አሉ፤ ያሸነፈውን አንድ ሺህ ቅጂ ያትሙለታል። የሚፈልጉት አንድ ሙሉ ቅጂ ነው፣ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። አሁን አሥር ሊሆን ነው።

የሚገነጥለው ገጽ ላይ ያለው እሱ ራሱ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ። ወለል ላይ ተጠቅልሏል፣ አፉ ደም በደም። ጥግ ላይ የአባታችን ጫማ።

"ፎቶዬን ስታወጣ ጠይቀኸኛል?" ይላል።

"ፊትህ እኮ ብዙም አይለይም።"

"እኔ ለየሁታ።" ቅድድ። "እሱ እንደ እባብ ሲቀጠቅጠኝ አንተ በር ሥር ተደብቀህ ቀጭ ታደርጋለህ። ዛሬ ደግሞ ልትሸለምብኝ።"

እጁ ወደ አምስተኛው ሲሄድ የእኔ እጅ መጽሐፎቹን የሰፋሁበት ወስፌ ላይ ነው። ክንዱ ላይ እሰካበታለሁ፣ እስከ እጀታው።

አይጮህም። ነቅሎ ይጥለዋል። ከዚያ አንገቴን አንቆ ከግድግዳው ጋር ያላትመኛል። አንዴ። ሁለቴ። አፍንጫዬ ውስጥ የሆነ ነገር ቀሽ ይላል። ጠረጴዛው ይገለበጣል፣ እኔም አብሬው። ብሎኬቱን አንስቶ ከጭንቅላቴ በላይ ይይዘዋል።

ጉንጬ ወለሉ ላይ ነው። አፌ ደም ደም ይላል። ዓይኔ ሥር ጫማ። ይህን ፎቶ አውቀዋለሁ።

ብሎኬቱ አይወርድም።

"እሷን ማን አወጣት?" ይላል።

ከተቀደዱት መጽሐፎች እናታችን ወለሉ ላይ ተበትናለች፤ አራት ቦታ። መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ፣ ልብስ እያሰጣች ትስቃለች። ከሞተች አራት ዓመቷ።

"አንተ ነህ።"

"እኔ የራሴን ነው የገነጠልኩት። እሷን አልነካሁም።"

"አንድ ወረቀት ናችሁ" እላለሁ፣ ደሜን እየዋጥኩ። "መሐሉ ታጥፎ ነው የሚሰፋው። ግማሹ አንተ፣ ግማሹ እሷ። ከእጥፉ ስትገነጥለው እሷን የሚይዛት የለም።"

ብሎኬቱን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ያስቀምጠዋል።

መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፣ ደጋግሞ። እናታችንን አንድ በአንድ ይለቅማትና አምስተኛው መጽሐፍ ውስጥ ይከታታል። የውድድሩን አድራሻ ከግድግዳው ይነቅላል። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ጀምሯል። ጃኬቱን ያወልቃል።

"ወዴት ነው?"



በሩን ክፍት ትቶት ሄዷል። ወለሉ ላይ እንደተኛሁ አየዋለሁ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፣ ከክንዱ ደም ይንጠባጠባል፤ በጃኬቱ የጠቀለለውን መጽሐፍ ብብቱ ሥር ይዞ፣ ጥግ ጥጉን፣ ከጣሪያ ጣሪያ ሥር ይሄዳል።