የአንድ ዓመት ዋስትና

ጡረታ የወጡት መምህር ኮምፒውተራቸውን በአሮጌ አንሶላ ጠቅልለው ወደ ገዙበት ሱቅ ሲመጡ ይህ ስምንተኛ ጊዜያቸው ነው።

«ዛሬም አልነሳ አለኝ» አሉ።

ግድግዳው ላይ «የማሸጊያ ስቲከሩ የተቀደደ ዕቃ ዋስትና የለውም» የሚል ማስታወቂያ አለ። ቴክኒሻኑ አቤኔዘር ግን ወደዚያ ዞር ብሎም አያይም። ክዳኑን ከፍቶ ከቦታዋ የወጣችውን ሚሞሪ ይመልሳታል፣ አዲስ ስቲከር ይለጥፋል። እስከዚያው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ድሮ ስላስተማሯቸው ልጆች ይጨዋወታሉ። በመምህሩ ቤት ከሬዲዮ በቀር ድምፅ የለም።

«ዋስትናው መቼ ነው የሚያበቃው?» አሉ ሊወጡ ሲሉ።

«የፊታችን ቅዳሜ ነው፣ አባባ።»

«እንግዲህ ከዚያ ወዲያ...» ብለው ሳይጨርሱት ሄዱ።

ዓርብ ጠዋት በራቸውን ቀርቅረው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጡ። እንደ ወትሮው ስቲከሩን በጥፍራቸው ልጠው፣ ብሎኖቹን ፈተው፣ ሚሞሪዋን ሊነቅሉ እጃቸውን ሰደዱ። አጠገቧ የተጣጠፈች ወረቀት ተለጥፋለች። መነጽራቸውን ፈልገው አነበቧት።

«አባባ፣ ከቅዳሜ በኋላ ሳይነቅሏት ይምጡ። አቤኔዘር።»