ጨለማ የለመደ ዓይን

በሩ በእርግጫ ይበረገዳል። ግማሽ ሰዓት ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን ያለማመድነው ዓይን በአንድ እርግጫ ከንቱ ይቀራል።

«በጠራራ ፀሐይ መስኮት በብርድ ልብስ ጋርዶ ምን ዓይነት ስብሰባ ነው?» ይላል የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ፈንታሁን፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ።

«የፊዚክስ ትምህርት ነው» እላለሁ። 

«ውጭ አገር ሄደህ የተማርከው ጨለማ ውስጥ መቀመጥ ነው?»

ጠረጴዛው ላይ የተማሪዬ የሸሪፋ አባት ሰዓት አለ፤ ቁጥሮቹ ጨለማ ውስጥ በሚያበራ ራዲየም የተቀቡ የጣሊያን ጊዜ ዕቃ። በላዩ የሰዓት ሠሪ አጉሊ መነጽር። አባቷ ማታ መኪናቸውን ይዘው ወደ አሰብ ይወርዳሉ፤ ሰዓቱም አብሮ ይሄዳል። ሸሪፋ ቁጥሮቹ ላይ ያለውን ብልጭታ ዛሬ ካላየች አታይም።

አስረዳዋለሁ። ከሰባ ዓመት በፊት የፊዚክስ ሊቁ ራዘርፎርድና ረዳቶቹ እንዲህ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው ነው የአቶምን እምብርት ያገኙት፤ ከራዲየም የሚወጡት ቅንጣቶች ሲያርፉ የሚፈጥሩትን ብልጭታ አንድ በአንድ እየቆጠሩ።

«እና መብራት አብርታችሁ እዩዋ።»

«በብርሃን አይታይም።»

«በብርሃን የማይታይ ነገር ለሰፊው ሕዝብ ምን ያደርግለታል?»

«ጓድ፣ ሲኒማ ቤትስ መብራት አብርተው ነው የሚያዩት?» ትላለች ሸሪፋ። ከጎኗ የተቀመጠው ሙሄዲን ሳቁን በሳል ይሸፍናል።

ፈንታሁን በሩን ዘግቶ አብሮን ይቀመጣል። ጨለማው ሲጨንቀው ባትሪውን ቦግ ያደርጋል፤ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ደግሞ ቦግ። ለዚህ ነው የተመለስኩት?

በመጨረሻ የሸሪፋን ተራ ነጥቆ መነጽሩ ላይ ያጎነብሳል። 

«ይንቀሳቀሳል» ይላል ቀስ ብሎ። «አጥፉት።»

«አይጠፋም።»

«ማን አዞት ነው የማይጠፋው?»

«ያዘዘው የለም። የሚያጠፋውም የለም።»

ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ይገነጥለዋል። ሰዓቱን ፀሐይ ላይ ይዞ በመነጽሩ ደጋግሞ ያያል። «ይኸው፣ ጠፋ» ይላል ረክቶ። ብርድ ልብሱን በብብቱ ሸጉጦ ይወጣል።

አፌ ላይ የሚመጣልኝ ስድብ ሁሉ በባዕድ ቋንቋ ነው። የጦሳ ተራራ ብርድ በመስኮቱ ይገባል።

«ጋሼ፣ ካፖርትዎን» ትላለች ሸሪፋ።

ሰዓቱንና መነጽሩን ይዛ ጥግ ላይ ትቀመጣለች፤ ካፖርቴን ከነራሷ ትከናነባለች። «ወላሂ፣ ማንም እንዳይነካኝ። ዓይኔ ገና ነው።»

ሌሎቹ ከኋላዋ ይሰለፋሉ።  ፀሐይዋ ከግድግዳው እየወረደች ወለሉ ላይ ትደርሳለች።

ከዚያ ከካፖርቱ ሥር ድምፅዋ ይመጣል። «አንድ። ሁለት። ሦስት፣ አራት... ኧረ ብልጭታዎቹ ቀደሙኝ።»