አበባው ካለፈ በኋላ

«እዚህ ጋ» ይላል ባሏ፣ በመቀሱ ጫፍ ግንዱን እየነካ። «ከአፈሩ አንድ ስንዝር ትተሽ ትቆርጪዋለሽ። ደግሞ እንዳታዝኚለት።»

«ማን ያዝናል?» ትላለች። በረንዳው ጠባብ ነው፤ እሷ ግን ከበሩ ወደ መከታው ብረት፣ ከብረቱ ወደ በሩ ትመላለሳለች። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርሰው መኪና ገና አልመጣም። መዘግየቱም ያናድዳታል፣ መምጣቱም።

በየማሰሮው የተተከሉት የክሪሳንተመም አበቦች አብበው ጨርሰዋል። ቢጫ የነበሩት ራሶች ውሃ እንደነካው ወረቀት ጠውልገው አቀርቅረዋል። እሷ ብትሆን ጠራርጋ ትጥላቸው ነበር። እሱ ነው እንቢ የሚለው። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲበይድ ውሎ ይመጣና፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ከእነሱ ጋር ቁጭ ይላል።

«ውሃ አታብዢ። አሁን ሥሮቻቸው ተኝተዋል። አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ጠብ ጠብ ታደርጊላቸዋለሽ።»

«ሻንጣህን ቆለፍክ?»

«ቆልፌያለሁ። ብርሃን ያለው፣ ንፋስ የማይመታው ጥግ...»

«ፓስፖርትህስ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«የምትጨነቀው ለማን ነው? ለእነሱ ነው ለእኔ?» ሳቅ ብላ ልትናገረው ነበር፤ እንደ ክስ ወጣባት።

ሌላ ግንድ ይቆርጣል፤ ደረቁ እንጨት ቀጭ ይላል። እጁ ፈጥኗል፤ አፉም እንደዚያው። ዝም ካለ የሆነ ነገር የሚያመልጠው ይመስል፣ ሳያቋርጥ ያወራል።

«ከሥር አዲስ ቡቃያ ሲመጣ ጫፍ ጫፉን ቀንጥቢው፤ አለዚያ ወደ ላይ ይመዘዝና አበባው ይሳሳል። ቀኑ ማጠር ሲጀምር ተዪው፣ ያኔ እንቡጥ ይይዛል። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ሥሩን አውጥተሽ ትከፍይዋለሽ። መሃሉ ስለሚደርቅ ዳር ዳሩን ነው የምት...»

መመላለሷን ታቆማለች።

«በስንተኛው ዓመት?»

መቀሱ እንደተከፈተ ይቀራል።

«አንድ ዓመት ነው ያልከኝ። ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ነው ያልከኝ።»

«ውሉ...» ይላል፤ ዓይኑን ከአፈሩ አያነሳም። «የሥራ ውሉ የሁለት ዓመት ነው። ከዚያ ያነሰ የለም አሉኝ። ልነግርሽ ነበር እኮ።»

«መቼ? ከአውሮፕላን መስኮት ሆነህ?»

ከታች ክላክስ ይጮሃል። ብድግ ሊል ይቃጣውና ተመልሶ ቁጢጥ ይላል።

ልትጮህበት ትፈልጋለች። ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ወደ መንገዱ ልትወረውር ትፈልጋለች። እጇን የምታሳርፍበት ጠፍቷታል፤ ቀሚሷን ትጨብጣለች፣ ብረቱን ትይዛለች፣ ትለቀዋለች። በመጨረሻ ትልቁን ማሰሮ እየጎተተች አምጥታ ፊቱ ትደቅነዋለች።

«አሳየኝ።»

«ምኑን?»

«አከፋፈሉን።»

«አሁን እኮ ጊዜው አይደለም። ይጎዳል።»

«ጊዜው ሲደርስ የሚያሳየኝ የለማ!»

ቀና ብሎ ያያታል። ከተጋቡ ጀምሮ አይቷት የማያውቅ ይመስል፣ ረጅም አድርጎ ያያታል። ከዚያ ለመንገድ በለበሰው አዲስ ሱሪ ይንበረከክና ማሰሮውን ደፍቶ ቂጡን ይመታል። አፈሩ ቅርጹን እንደያዘ ዱብ ይላል። ሥሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ መያዣ መጨበጫው አይታወቅም፤ ከግርጌው ጥፍር የሚያክሉ ፈዛዛ ቡቃያዎች ብቅ ብለዋል።

ክላክሱ ደጋግሞ ይጮህና ዝም ይላል። የመኪና በር ሲዘጋ ይሰማል።

«በዚያ በኩል ያዢ» ይላታል፤ ድምፁ ቀጥኗል። «አትበጥሺው። ቀስ ብለሽ ፈልቅቂው።»

ፊት ለፊቱ ትንበረከካለች። ጣቶቿን አፈሩ ውስጥ ስትሰድ ጣቶቹን ታገኛለች። ትስባለች፤ እሱም በበኩሉ ይስባል።

የሾፌሩ ኮቴ ደረጃውን እየወጣ ነው። ሥሩ ገና አልተላቀቀም።