የእንግዳው ጠገራ

እንግዳው የሚባል ገበሬ ሊሞት ሲል ሁለት ልጆቹን ጠርቶ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

«ጠገራ ብሬን አትፈልጉ። ለሁለታችሁም እኩል አድርሻለሁ።»

ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በማግስቱ ተቀበረ።

ታላቁ ልጅ ዋሴ ዳባት ከተማ እህል ይነግዳል። ታናሹ ያርጋል ከደባርቅ በላይ ካለው ካባቱ ግቢ ቀረ። ገብስ ያርሳል፣ በግ ያረባል። ከወለዳቸው ሦስት ልጆች አንዲቷ ብቻ ተርፋለታለች። ሠርካለም ትባላለች።

ጠገራውን ሁለቱም በልጅነታቸው አይተውታል። አባታቸው አንዱን ብር በራሱ መዳፍ ላይ አድርጎ ያሳያቸው ነበር። ብሩ ላይ ሴትዮ አለች። ትከሻዋ ላይ ጌጥ አላት።

«ሳትነኩ ቁጠሩ» ይላቸዋል። «ጌጧ ላይ ዘጠኝ ዶቃ ካለ እውነተኛ ነው።»

እንግዳው ከሞተ በሦስተኛው ዓመት ያርጋል የሣር ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰው። ወሬው ዳባት ደረሰ። ዋሴ ሱቁን ዘግቶ ተነሣ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከጎንደር ማሽን ያለው ሰው ይዞ ከግቢው ገባ። ሰውየው ልደቱ ይባላል። ማሽኑ ሰሐን የተሰካበት ዱላ ይመስላል። ከመሬት በታች ብረት ሲያገኝ ይጮኻል።

«አያ ዋሴ፣ እንዴት ሰነበትህ?» አለ ያርጋል።

«ቆርቆሮህ ያበራል።»

«በግ ሸጬ ነው።»

«በጎችህ ላታቸው ብር ኖሯላ!»

ጓሮውን ቆፈሩ። መደቡን አፈረሱ። ምድጃው ሲፈነቀል የያርጋል ሚስት ልጇን አቅፋ ወጣች። ጎረቤት በካቡ ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። ያርጋል ጥርሱን ነክሶ ቆመ።

አባ ገብረ ኪዳን ጩኸቱን ሰምተው መጡ። የቤቱ ሁሉ የንስሐ አባት ናቸው፤ የእንግዳውን የመጨረሻ ንስሐም የሰሙ እሳቸው ናቸው። አጠገባቸው ሲደርሱ ማሽኑ እሪ አለ።

«አባ፣ መስቀልዎን ይዘው ወደዚያ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አለ ልደቱ እየሳቀ። «ማሽኑን ሊያሳብዱብኝ ነው።»

ፈቀቅ አሉ። መስቀላቸው ከባድ ነው። ወትሮም ግርጌውን በመዳፋቸው ሸፍነው ነው የሚይዙት።

«ድፈኑት፣ ልጆቼ» አሉ። «አባታችሁ አትፈልጉ ብሏል።»

«እኩልም ብሏል!» አለ ዋሴ። «የኔ እኩሌታ የታለ?»

በረቱ ውስጥ፣ ከግርግሙ ሥር፣ ማሽኑ እንደገና ጮኸ። ዋሴ ዶማውን ራሱ ተቀበለ። ክንድ ያህል ሲወርድ የዛገ ማረሻ ወጣ። ማረሻው የገንቦ ክዳን ሆኖ ተቀምጦ ኖሯል። ዋሴ እጁን ከገንቦው ውስጥ ከተተ።

ብር የለም። ከበረቱ ጀርባ ያለው የኮሶ ዛፍ ሥር ሰዶ የገንቦውን ሆድ ሞልቶታል። ዋሴ ሥሩን ከነጭቃው ነቅሎ በያርጋል እጅ ላይ ወረወረው።

«የት አደረስከው?»

«አላውቅም።»

«ጣራ ላይ ሰቅለኸው አላውቅም ትላለህ?» ወደ ቄሱ ዞረ። «አባ፣ እርስዎ ያውቃሉ። ማን ነው የወሰደው?»

አባ ቀና አላሉም። «ንስሐ የሰማ ጆሮ አፍ የለውም፣ ልጄ።»

«ሰማችሁ?» አለ ዋሴ ለጎረቤቱ። «ተናዞላቸዋል! ንጹሕ ቢሆን አልወሰደም ይሉ አልነበር?»

የያርጋል ፊት ጠቆረ። «ሌባ አትበለኝ፣ አያ ዋሴ። አባቴን አዝዬ ጠበል ያመላለስኩት እኔ ነኝ። አንተ ለተዝካሩ ነው የመጣህ።»

«ማል እንግዲያ!»

«እምላለሁ!»

እጁን ወደ መስቀሉ ዘረጋ። አባ መስቀሉን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡት።

«በዚህ አይሆንም፣ ልጄ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ትምላለህ። በዚህ ግን አትማል።»

ዋሴ ሳቀ። «አያችሁ? ለነፍሱ ፈርተውለት ነው። በሐሰት እንደሚምል ያውቃሉ!»

ጎረቤቶቹ ዓይናቸውን ከያርጋል ላይ አነሡ። ያርጋል ይህን አየ።

«እርስዎም ሌባ አሉኝ፣ አባ?»

«አላልኩህም።»

«እንኪያስ ይስጡኝ!»

ከእጃቸው ነጠቀው። በሁለት እጁ ከላይ እስከ ታች ጨበጠው።

«ያባቴን ጠገራ በዚህ እጄ ነክቼ እንደሆነ፣ ሠርካለምን ይንሣኝ! ዘሬ ከምድር ይጥፋ!»

አባ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ያርጋል መስቀሉን ስሞ ወደ ወንድሙ ዘረጋው። «ተሳለም። አንተም ክርስቲያን ነኝ ትላለህ።»

ዋሴ ተሳለመ። ከዚያ አፉን ጠረገ። «ማልክም አልማልክም፣ ሌባ ካባቴ ግቢ አያድርም።»

«ግቢውን ውሰደው፣ ዋሴ» አለ ያርጋል። አያ አላለውም።

መስቀሉን ለቄሱ መለሰ። ዕቃውን በአህያ ጫነ፤ ልጁን ትከሻው ላይ አደረገ። ከሚስቱ ጋር የዛሪማን ቁልቁለት ያዙት። ዋሴ ልደቱን ይዞ ወደ ጓሮ ተመለሰ፤ ገና ያልተቆፈረ አለ። ጎረቤቱም ተበተነ።

አባ ገብረ ኪዳን ብቻቸውን ከባዶው ገንቦ አጠገብ ተቀመጡ። መዳፋቸውን ከፈቱ። ከመስቀሉ ግርጌ፣ አንጥረኛው የእንግዳውን ሌሎች ብሮች አቅልጦ መስቀሉን ሲሠራ ሳይነካ የተዋት አንዲት ብር አለች። የያርጋል እጅ ጭቃ ሴትዮዋን ሸፍኗታል። ትከሻዋን በአውራ ጣታቸው ጠረጉላት።

ዶቃዎቹ ዘጠኝ ናቸው።