ለመልካሙ ቤት የተላከ የኮክ አበባ

መልካሙ ሴት ልጁ ቻይንኛ እንድትማር ሲፈቅድ ከመንገድ ሥራ ድርጅቶች በአንዱ አስተርጓሚ ትሆናለች ብሎ ነበር። ማህሌት ግን የመመረቂያ ጥናቷን በጥንት ቻይናውያን የሠርግ ግጥሞች ላይ ልሥራ አለች። ያውም በግጥሞቹ ውስጥ ባሉት አበቦች ላይ።

"አበባ?" አለ መልካሙ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ነው፤ አበባ የሚያውቀው አንሶላ ላይ ታትሞ ነው።

"አዎ አባዬ። በእነሱ ግጥም ሙሽራዋ የኮክ አበባ ናት። አበባው መልኳ ነው፤ ፍሬው ደግሞ የምትወልዳቸው ልጆች።"

መልካሙን ያስጨነቀው ግጥሙ አልነበረም። ሙሽራ የሚለው ቃል በቤቱ መብዛቱ ነው። እሱ ራሱ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለ አግብቶ፣ ትምህርቱን አቋርጦ ፋብሪካ የገባ ሰው ነው። ሚስቱን እናትዓለምን ይወዳታል፤ ያቋረጠው ትምህርት ግን እስከ ዛሬ ይቆጨዋል። ማህሌት ሳትመረቅ እንደማይድራት ለራሱ ምሎ ነበር።

ማህሌት የተረጎመችውን ጮክ ብላ ስታነብ ከሁሉም አጥብቀው የሚያዳምጡት የመልካሙ እናት ወይዘሮ የሺመቤት ናቸው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ልጃቸው ቤት ነው።

"እስቲ ያችን የኮኳን ድገሚልኝ" ይላሉ። አንድ ቀን ደግሞ፣ "ዘግይቶ የሚያብበውንስ ምን ይሉታል?" ብለው ጠየቁ።

"እሱንም ይወዱታል እማማ። በብርዱ ወራት የሚያብብ ዛፍ አላቸው፤ ብዙ ተገጥሞለታል።"

"ደግ አደረጉ" አሉ ወይዘሮ የሺመቤት።

መልካሙ፣ እናቴ ልጅቷን እያበረታቱብኝ ነው ብሎ በሆዱ አጉረመረመ።

ከዚያ ቴዎ መጣ። ቴዎ ከባሕር ዳር ወደ ደቅ ደሴት ሰው የሚያመላልስ የሞተር ጀልባ ነጂ ነው፤ ወይዘሮ የሺመቤት በየወሩ ሥላሴን ለመሳለም የሚሄዱት በእሱ ጀልባ ነው። እናቱ ከሞተች ወዲህ ከአባቱ ጋር ብቻውን የሚኖር፣ ረጅም፣ መልከ መልካም፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው፤ መልካሙን ያበሸቀውም ይኸው ነው። የካቲት ላይ አንድ እሑድ፣ ያበበ የኮክ ቅርንጫፍ ይዞ በሩን አንኳኳ።

"ይህ ምንድን ነው?" አለው መልካሙ።

"አባባ ናቸው የላኩት። ከጓሯችን ነው" አለ ቴዎ፣ መሬት መሬት እያየ።

የመልካሙ የግንባሩ ሥር ተገተረ። ሰው ሎሚ ይልካል፣ ማንጎ ይልካል፤ የኮክ አበባ ማን ይልካል? ግጥሙን የሰማ ሰው ካልሆነ በቀር ማንም። ይህ ጀልባ ነጂ አባቱን ሳይቀር ነገሩ ውስጥ አስገብቷል ማለት ነው። ዞሮ ማህሌትን ቢያያት ሳቋን ለመዋጥ ትታገላለች። ቅርንጫፉን ወይዘሮ የሺመቤት ከቴዎ እጅ ተቀብለው ውኃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ከተቱት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መልካሙ ሰላይ ሆነ። ማህሌት ስልክ ስታነሳ ጆሮውን ይቀስራል። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ካለ ዋርካ ሥር ከቴዎ ጋር ስትንሾካሾክ አገኛት። ሁለቱም እንዳዩት ወሬ ቀየሩ።

ማታ እናቱ አጠገቡ መጥተው ተቀመጡ።

"መልካሙ፣ ሰው ቤትህን ትቶ ቢሄድ ትቀየማለህ?"

"ሳትመረቅ ከሄደች እቀየማለሁ፣ እማዬ። ለዘላለም እቀየማለሁ።"

ወይዘሮ የሺመቤት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

መልካሙ ወደ ሚስቱ ሄደ። "ምን እየተደረገ ነው?"

"እኔ የለሁበትም" አለች እናትዓለም። "ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ትሰማዋለህ።"

"ሽማግሌ ሊመጣ ነው?"

እናትዓለም ምላሷን ነከሰች።

ሽማግሌዎቹ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት መጡ። ሦስት ናቸው፤ የጀልባው ውኃ የጋቢያቸውን ጫፍ አርሶታል። ወይዘሮ የሺመቤትና ማህሌት፣ ሁለቱም አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ጓዳ ገብተዋል። የመልካሙ ዓይን ያረፈው የልጁ ቀሚስ ላይ ነው።

"አረፍ በሉ" አላቸው።

"ቃላችንን ሳናደርስ አንቀመጥም" አሉ ታላቅየው፣ አቶ አዘዘ። "ከደቅ ድረስ የመጣነው..."

መልካሙ ንግግሩን ሲያጠና ነው የሰነበተው፤ ሊያስጨርሳቸው አልቻለም።

"ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ቴዎን ንቄ አይደለም፤ ጨዋ ልጅ ነው። አባቱንም ቢሆን ሰው ሁሉ ያመሰግናቸዋል። ነገር ግን ማህሌት ተማሪ ናት። እኔ ትምህርቴን ለትዳር ብዬ ትቼ ስቆጭ ኖርሁ፤ እሷ እንድትቆጭ አልፈልግም። አልሰጥም።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። መልካሙ አዘነላቸው፤ ያን ሁሉ ሐይቅ አቋርጠው መጥተው ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነው። ድምፁን አለሰለሰ።

"ክፉ ሰው አይደለሁም። ትምህርት የሌለባት፣ ዕድሜዋ የደረሰ፣ ልቧ የፈቀደውን የምታውቅ ሴት እዚህ ቤት ኖራ ብትጠይቁኝ፣ ሥላሴን እላችኋለሁ፣ ዛሬውኑ መርቄ እሰጣችሁ ነበር። የሰው ልብ የወደደውን የምከለክል እኔ ማን ነኝ?"

"ሥላሴን አሉ?" አሉ አቶ አዘዘ።

"ሥላሴን አልሁ።"

አቶ አዘዘ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው፣ "ሰማችሁ?" አሏቸው። ሁለቱም ሰማን አሉ። ሦስቱም ወንበር ስበው ተደላድለው ተቀመጡ።

"እንግዲያስ እግዜር ይስጥልን" አሉ አቶ አዘዘ፤ "እኛም የመጣነው ለቴዎ አባት ነው፣ እናትዎን ወይዘሮ የሺመቤትን ይስጡን ብለን።"