የሐዘን ማስረጃ

ሊሊሳ በባዮሎጂ የተመረቀው በ2.04 ነው። ለመመረቅ ሁለት ነጥብ ይበቃ ስለነበር እናቱ ዳርቱ ለጎረቤት ስታወራ፣ «የኔ ልጅ ትርፍ አምጥቶ ነው የወጣ» ትላለች።

ትርፉ ሥራ አላስገኘለትም። ዘመኑ በዲግሪ ድንጋይ የሚጠረብበት ነበርና ሊሊሳም አያት አካባቢ ኮብልስቶን ያነጥፍ ጀመር። አንድ ቀን የድንጋይ መቁረጫው ዲስክ የሥራ ባልደረባውን ጭን በላው። ሊሊሳ ደሙ የሚፈስበትን ሥር ስም እስከ ላቲኑ ያውቀዋል፤ እንዴት እንደሚያቆመው ግን አያውቅም። የገልባጭ መኪና ሹፌር በቀበቶው አስሮ ሰውየውን አተረፈው። ሊሊሳ በዚያች ቀን አፈረ፤ ከዚያ ወዲህ ሐኪም ከመሆን ሌላ ያማረው ነገር የለም።

በ2005 ዓ.ም. አዲስ የተከፈተ አንድ የሕክምና ኮሌጅ ዲግሪ ያላቸውን አመልካቾች እንደሚቀበል አስታወቀ። ማስታወቂያው፣ «ውጤታቸው ከ2.50 በታች የሆነ፣ ለዚህ ያበቃቸውን ምክንያት በሕጋዊ ማስረጃ አስደግፈው ያቅርቡ» ይላል።

ሊሊሳን ለዚህ ያበቃው ፑል ነው። በ2000 ዓ.ም.፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ከክፍል ይልቅ ፑል ቤት ይገኝ ነበር። ለፑል ደግሞ ማኅተም የሚመታ መሥሪያ ቤት የለም። አስቦ አስቦ ወደ ሰፈሩ እድር ሄደ።

የጉራራው እድር ጸሐፊ አቶ ጉደታ ከወይዘሮ ዲንቄ ጋር እየተጨቃጨቁ አገኛቸው።

«ሁለት ቀብር ቀርተዋል! ሦስተኛ ከቀሩ ከመዝገብ ይሰረዛሉ። ደንብ ነው።»

«ጉልበቴን አሞኝ ነው እኮ!»

«ሟቹን ደግሞ ከዚያ በላይ አሞት ነበር።»

ዲንቄ እያጉረመረሙ ወጡ። ሊሊሳ ችግሩን አስረዳ።

«በዚያ ዓመት ሐዘን ነበረብህ?» አሉ ጉደታ።

«ሊኖርብኝ ይችል ነበር።»

ጉደታ ልጁን ይወዱታል፤ ማኅተም መምታት ደግሞ ከልጁም አብልጠው ይወዳሉ። ጸሐፊነቱን የተረከቡት ገና አምና ስለሆነ የድሮውን አባል ሁሉ አያውቁትም። መዝገቡን ገልጠው የ2000ን ገጽ በጣታቸው ወረዱበት። በቀይ የተሰረዘ ስም አንድ ብቻ ነበር፦ ሰቦቃ ዋቅጅራ።

«በቃ፣ ሟቹ አጎትህ ናቸው። በእናት በኩል ይሁን፤ የእናት ወንድም ስም ከማንም ጋር አይመሳከርም።»

«ነፍስ ይማር» አለ ሊሊሳ። ማኅተሙ ተመታ።

ዳርቱ ይህን ስትሰማ አማተበች። «በሰው ሞት ይዋሻል? ነውር አይደለም እንዴ?» አለችው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ይቅርታ ልትለምንለት ወደ እንጦጦ ራጉኤል ወጣች።

የቃለ መጠይቁ ቀን ደረሰ። ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል። መሀል ያሉት ሽበታም ሰብሳቢ የእድሩን ደብዳቤ አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው ማኅተሙን በብርሃን አዩት። ከዚያ ለሌሎቹ ሳያሳዩ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ለፖሊስ ነው፣ አለ ሊሊሳ በልቡ።

«አጎትህ ናቸው?»

«አዎ ዶክተር። በእናቴ በኩል።»

«በምን ሞቱ?»

ሐኪም ፊት የሞት ምክንያት መፈልሰፍ አደገኛ ነው። «ድንገት ነው» አለ ሊሊሳ።

«ተሠቃዩ?»

«ኧረ በጭራሽ! እንደተኙ ነው።»

«ተመስገን» አሉ ሰብሳቢው፣ ከልባቸው።

በግራ የተቀመጡት ዶክተር ጸጋ ሰዓታቸውን አዩ። «ወደ ኬሚስትሪው ኤፍ ብንሄድ...»

«ይቆየን። ቀብራቸው ላይ ሰው ነበር?»

ሊሊሳ አንዴ ገብቶበታል። «ሰው? ጉራራ እኮ ባዶዋን ነው የዋለችው! አስከሬኑን እንጦጦ ማርያም ድረስ በትከሻ ነው ያወጣነው። ዳገቱን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ።»

«ወይዘሮ ዲንቄ የሚባሉ ጎረቤት ራሳቸውን ስተው ወደቁ።»

ሰብሳቢው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ዲንቄ? ዲንቄ አለቀሰች?»

«ሦስት ቀን ሙሉ።»

«ስለ ጠባያቸውስ ምን ተባለ?»

«ሰው ወዳድ፣ ትሑት፣ የማንንም ቀብር የማይቀሩ ተባለ።»

ሰብሳቢውን ትን አላቸው። ውሃ መጣላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ሲጠርጉ ቆዩ።

«ክፉ የተናገረ አልነበረም?» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አንድም ሰው።»

«በቃ፣ ሂድ ልጄ።»

ሊሊሳ ጉዱ እንደፈላ እርግጠኛ ሆኖ ወጣ። ሐሰተኛ ማስረጃ ስንት ዓመት እንደሚያሳስር ሁለት ሰው ጠየቀ፤ ሁለቱም የተለያየ ቁጥር ነገሩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ጓሮ እየገባ ተደበቀ። ኮሌጁ ደብዳቤ ሲልክለት እንኳ አልከፍትም ብሎ ለእናቱ ሰጣት።

ዳርቱ ፊደል እየቆጠረች አነበበች። «የሕክምና ትምህርትዎን... እንዲከታተሉ... ተቀብለንዎታል።» እልልታዋ ጎረቤቱን ሁሉ አወጣው።

ሊሊሳ አላመነም። ወረቀቱን ነጥቆ ራሱ አነበበው። እውነት ነው። ደስታው እንባ በእንባ አደረገው፤ እንባውን ጠርጎ ከማኅተሙ ሥር ያለውን ፊርማ አየ።

«ዶክተር ሰቦቃ ዋቅጅራ፣ የኮሌጁ ዲንና የቅበላ ኮሚቴ ሰብሳቢ።»